የደም ፍርድና ሁለተኛው ዳኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ የሚሻገረው፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች በስተ ጎን ትቶ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ የቡኢን ከተማ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ቡኢ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በመንግሥት ሥራ የምንገኝ ሰዎች ጧት ወደ ቢሮአችን ስንሄድ በመናኸሪያው አጠገብ ዘወትር የምናየው ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት፣ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ ያለቀ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። «ወዴት ነው መንገዱ?» ብለን ስንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነው። «ልጄ በሰው ነፍስ ተፈርዶበት፤ ለይግባኝ ነው» ይሉናል።

ይህ ጉዞ ለብዙ ሰው ግራ ነው። የሟች ወገን «ፍርድ ከተፈረደ በኋላ ደግሞ ምን ቀረ? ደማችን ውኃ ሊሆን ነውን?» ብሎ ያዝናል። የተፈረደበት ወገን ደግሞ ይግባኝ ማለት ዕድልን እንደ ገና መሞከር ይመስለዋል። ሁለቱም ስለ ላይኛው ዳኛ የሚያስቡት አንድ ነው፤ ይኸውም ሥራው ገዳዩን ከቅጣት ማውጣት ወይም አለማውጣት ነው ይላሉ። እኛ ግን የሀገራችንን የፍርድ ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው ከዚህ የተለየ ነው። የፊተኛው ዳኛ «ይህ ሰው ገድሏልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዳኛ ግን «ይህ ሰው እንዴት ተፈረደበት?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ በጠፋበት ዘመን ሁሉ ንጹሑም ወንጀለኛውም፣ ባለ ደሙም ጭምር እንደ ተጎዱ ታሪክ ይመሰክራል። ለአንባቢያን ለማስረዳት የተነሣነውም ይህንኑ ነው።

በጥንት ዘመን በሀገራችን የደም ነገር በመጀመሪያ የዘመድ ነገር ነበር። የተገደለው ሰው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ባለ ደም ተብሎ ገዳዩን ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ ወይ ደሙን ይመልሳል ወይም ወደ ዳኛ ያቀርበዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ተባብለው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይታይ ነበር። በዚያ ሥርዓት የተከሳሹን ሰውነት የሚይዘው ራሱ ከሳሹ ነው። ቁራኛው ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው። ይኸውም የተያዘው ሰው ከዳኛ ፊት ሳይደርስ በመንገድ እንዳይቀር፣ የያዘውም ሰው ለዳኛው መልስ እንዲሰጥ ማስገደዱ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጠራው እንደ ሆነ ጠበኛው እጁን ሰብስቦ መቆም ነበረበት። የኋላው ዘመን ሕግ በብዙ አንቀጽ የጻፈውን ነገር ሕዝቡ በሁለት ቃላት ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ በሸዋና በደቡቡ ሀገር አፈርሳታ፣ በሌላውም ወገን አውጫጭ የሚባል ሥርዓት ነበረ። የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ የገዳዩም ስም እስኪወጣ ድረስ ጉባኤው በቀላሉ አይበተንም። ምስክሩ በግልጥ መናገር የፈራ እንደ ሆነ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በሥውር እንዲናገር ይፈቀድለት ነበር። ይህ ሥርዓት ፖሊስና መርማሪ ባልነበረበት ዘመን ብዙ ወንጀል አውጥቷል፤ ስለዚህ በከንቱ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ። እርሻው ያልታረሰለት፣ ከብቱ ያልተጠበቀለት ሰው በሜዳ ላይ ብዙ ቀን ከተቀመጠ በኋላ፣ ወዳጅ የሌለው አንድ መጻተኛ ወይም በሰፈሩ የተጠላ አንድ ሰው ስሙ ሲጠራ፣ ጉባኤው «እውነት ነው» ለማለት እንዴት አይቸኩል? ወፏን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃታል? የቅርብ ፍርድ ብርታቱም ድካሙም ከዚህ ላይ ነው። ሰውን ያውቀዋል፤ ከማወቁም የተነሣ ይወድደዋል ወይም ይጠላዋል።

የእኛ ሀገር የክስታኔ ሽማግሌዎችም የጎርደና ሴራ በሚባለው ሥርዓታቸው ይህን ድካም አስቀድመው የተረዱት ይመስላል። ሴራ ሲባል በአማርኛ የክፉ ሰዎች ምክር ማለት ነው፤ በጉራጌ ሀገር ግን ሕግና ሥርዓት ማለት ነውና አንባቢ እንዳይሳሳት። የሰባት ቤት ጉራጌም የጆካ የተባለ ሸንጎ አለው። በነዚህ ሥርዓቶች ሰው የገደለ ሰው በመጀመሪያ ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል፤ ሽማግሌዎችም በመካከል ገብተው ቁጣው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም በኋላ ስለ ካሣውና ስለ ዕርቁ ይነጋገራሉ። በታችኛው ሸንጎ ያልረካ ሰው ነገሩን ወደ ላይኛው ሸንጎ ሊወስደው ይችላል። ትኩስ ደም መልካም ዳኛ እንዳይደለ፣ በአንድ ሰፈር የታየው ነገርም ከሰፈሩ ውጭ ባለ ሰው ደግሞ ሊታይ እንደሚገባ አባቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁ ነበር።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት እንለፍ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ሀገር ኢብን አል አሳል የተባለው ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ ኋላም ወደ ግዕዝ ተመልሶ በሀገራችን ፍትሐ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ለነገሥታቱና ለዳኞቹ የፍርድ መሠረት ሆኖ ኖሯል። ከሁሉ በላይ ያለው ዳኛ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከአጥቢያ ዳኛ የተጀመረ ነገር በየደረጃው ሲወጣ ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስጠታቸው ይህን ጥንታዊ ሥልጣን በአዲስ ስም ማጽናታቸው ነበር።

በዙፋን ችሎት የሚደነቅ ልማድ ነበረ። ፍርድ የሚሰጡት መኳንንት ሐሳባቸውን የሚናገሩት ከታናሹ ጀምሮ ነው፤ ንጉሡ የሚናገሩት ከሁሉ በኋላ ነው። ይህም የሆነው ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ ፈርቶ እንዳይከተል ነው። ደግሞም በደም ነገር የሞት ፍርድ ሲሆን ባለ ደሙ ካሣ ተቀብሎ እንዲምር ንጉሡና መኳንንቱ ይለምኑት ነበር። ንጉሥ ከገበሬ ፊት አማላጅ የሚሆንበት ይህ ሥርዓት ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። ፍርድ በቁጣ እንዳይፈጸም፣ ከፍርዱና ከሞቱ መካከል አንድ ትንፋሽ የሚያስገባ ጊዜ እንዲኖር ያደርግ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ዙፋን ችሎት የአንድ ሰው ጆሮ ነበረ። ከሩቅ አውራጃ በእግሩ የመጣ ድኻ «አቤት! አቤት!» እያለ በቤተ መንግሥት በር ሲጮህ ስንቅ ያልቅበታል፤ ዝናም ይመታዋል። ንጉሡ ዘመቻ የሄዱ ወይም የታመሙ እንደ ሆነ ጆሮው ይዘጋል። በዕድል የተሰማለት ሰው ይድናል፤ ያልተሰማለት ሰው ይቀራል። ዙፋን ችሎት ምሕረት ነበር፤ ምሕረት ደግሞ ከሰጪው ፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው። ሰው ግን በፍርድ ጊዜ የሚያስፈልገው በፈቃድ የሚሰጥ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ማንም ሊከለክለው የማይችል መብት ነው። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው ረጅም የሕግ ሥራ በዚህ ዓይን ቢታይ ትርጕሙ ይገለጣል።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ተወላጅ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ወሰነ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ፤ የአገሩንም ስፋት አስቦ፣ ፍርድ ቤት በሩቅ በሚገኝበት ቦታ ስለሚጨመረው ጊዜ ደነገገ። በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሞት ፍርድ በንጉሠ ነገሥቱ ሳይጸድቅ እንዳይፈጸም ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የይግባኙን መንገድ በዝርዝር ጻፈ፤ ይግባኙን የጨረሰ ሰውም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት እንዳያመለክት አልከለከለም።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ የሚገኙት ከ177 እስከ 179 ያሉት ሦስት አንቀጾች ናቸው። እነዚህ አንቀጾች የያዙት በላቲን ሀቤያስ ኮርፐስ፣ በአማርኛም አካልን ነፃ ማውጣት የሚባለውን አቤቱታ ነው። የላቲኑ ቃል ትርጕም «ሰውነቱን ይዘህ ቅረብ» እንደ ማለት ነው። ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ማን እንደ ያዘው፣ የት እንደ ያዘውና እንዴት እንደ ያዘው ገልጦ በመሐላ ያመለክታል፤ እርሱ ራሱ ማመልከት ያልቻለ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ያመለክታል። ዳኛውም የያዘውን ሰው «የታሰረውን ይዘህ ና፤ የያዝህበትንም ምክንያት አስረዳ» ብሎ ያዛል። ምክንያቱ ሕጋዊ ካልሆነ እስረኛው ወዲያው ይፈታል። ቁራኛውን ያስታውሷል። በጥንት ዘመን ከሳሹ የያዘውን ሰውነት ወደ ዳኛ የማቅረብ ግዴታ እንደ ነበረበት ሁሉ፣ በአዲሱ ሕግ መንግሥት ራሱ የያዘውን ሰውነት የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሕግ በወረቀት ላይ መጻፉ ግን ብቻውን አይበቃም። ይህ ሕግ ከወጣ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ታላቅ ስብራት ደረሰ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ፍርድ ተረሸኑ። ከነርሱም መካከል ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ሰዎች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ይገኙ ነበር። ዙፋኑም ችሎቱም በዚያው ዘመን አብረው ወደቁ። ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ተቋቁሞ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይሰጥ ጀመር። ቀጥሎም በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ «ነፃ እርምጃ» የሚል ቃል ወጣ። ቃሉን ልብ ብለን እንመልከተው። ነፃ የተባለው ሟቹ አልነበረም፤ ገዳዩ ከማንኛውም ጠያቂ ነፃ መሆኑን የሚናገር ቃል ነበር። ሁለተኛው ዳኛ ሲጠፋ የመጀመሪያውም ዳኛ አልቆየም፤ ተከትሎት ጠፋ።

ታሪክ ግን አስገራሚ ፍጻሜ አለው። ሁለተኛውን ዳኛ ያጠፉት የደርግ ባለሥልጣኖች ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲከሰሱ ሁለተኛ ዳኛ አላጡም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ከዚህ ላይ የላይኛው ዳኛ ሥራ ቅጣት ማቅለል ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ከዚያም በኋላ የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምምና፣ የሃይማኖት አባቶች ባቀረቡት ልመና በ2003 ዓ.ም. በ23 ባለሥልጣኖች ላይ የተፈረደው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ለሌላው ሰው የነፈጉት ትንፋሽ ለእነርሱ ተሰጣቸው። ሕግ ከበቀል የሚለየው በዚህ ነው።

የሌላውም ዓለም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። እንግሊዞች አካልን ነፃ የማውጣቱን ሕግ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1679 ዓ.ም. በግልጥ ጻፉት፤ አሜሪካኖችም ከእነርሱ ወረሱት። በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ የነፍስ ግድያን ነገር የሚያየውም አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ነው። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ካበቃ በኋላ በ1867 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ግን፣ ሕገ መንግሥቱን በመጣስ የታሰረ ሰው ሁሉ፣ ክፍለ ግዛት ያሰረውም ቢሆን፣ ለፌዴራል ዳኛ እንዲያመለክት ፈቀደለት። ይህ ሕግ ብርቱ ፈተና የገጠመው በሁለት የነፍስ ግድያ ነገሮች ነው፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቈጣጠር ይነገራሉ።

የፊተኛው የሊዮ ፍራንክ ነገር ነው። ይህ ሰው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአትላንታ ከተማ አንዲት ልጅ ገድሏል ተብሎ በ1913 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲሰጥ ከውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ተቈጥቶ ስለ ነበር፣ ዳኛው ተከሳሹና ጠበቆቹ በፍርድ ንባቡ ጊዜ ባይገኙ ይሻላል ብሎ መከረ። በ1915 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች ነገሩን ስለ መረመሩት ይበቃል ብሎ አቤቱታውን አልተቀበለም። ዳኛው ሆምስ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ተቃወሙ። አገረ ገዢው ነገሩን ተጠራጥሮ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለውጠው፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሰዎች ወኅኒ ቤቱን ሰብረው ፍራንክን አውጥተው ሰቀሉት። የጆርጂያ መንግሥትም ይቅርታ የሰጠው ከሞተ ከ71 ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው። ለሞተ ሰው ይቅርታ ምን ይረባዋል?

ሁለተኛው በአርካንሳስ ክፍለ ግዛት የሆነው ነው። በ1919 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ፣ ኢሌይን በምትባል መንደር አጠገብ ጥጥ በእኩል የሚያርሱ ጥቁር ገበሬዎች የሚገባቸውን ዋጋ ለመጠየቅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳሉ ተኩስ ተነሣ፤ አንድ ነጭም ሞተ። ከዚህ በኋላ ብዙ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ። ለፍርድ ከቀረቡትም ጥቁሮች 12ቱ በነፍስ ግድያ ሞት ተፈረደባቸው። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀረበው አቤቱታ እንደ ተገለጠው፣ የፍርዱ ነገር የወሰደው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነበር፤ መማክርቱም «ጥፋተኞች ናቸው» ለማለት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። የተመደበላቸው ጠበቃ አንድ ምስክር አልጠራም። ምስክሮች እንዲመሰክሩባቸው እንደ ተገረፉም ተነገረ። በባርነት ጊዜ የተወለደው ጥቁር ጠበቃ ሲፒዮ ጆንስ ለነዚህ ሰዎች ብዙ ደከመ። በየካቲት 1923 ዓ.ም. ያ በፊተኛው ነገር የተቃወሙት ዳኛ ሆምስ አሁን በአብላጫው ድምፅ ስም ፍርድ ጻፉ። ፍሬ ነገሩም፣ የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ሁሉ ጭንብል ሆኖ ዳኛውም ጠበቃውም መማክርቱም በሕዝብ ቁጣ የተነዱ እንደ ሆነ፣ ክፍለ ግዛቱም ስሕተቱን ያላረመ እንደ ሆነ፣ የፌዴራል ዳኛ ዝም ብሎ ማየት አይገባውም የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ምን እንዳላደረገ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰዎቹ አልገደሉም ብሎ አልፈረደም፤ በዚያም ቀን አልፈታቸውም። የታችኛው የፌዴራል ዳኛ ማስረጃውን ሰምቶ እንዲመረምር ብቻ አዘዘ። ሆኖም ያ አንድ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ የሐሰቱ ሥራ ሊቆም አልቻለም፤ እስከ 1925 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 12ቱም ከወኅኒ ወጡ። በፊተኛው ነገር «እንዴት ተፈረደበት?» ብሎ የጠየቀ አልተገኘም፤ ሰውየው ተሰቀለ። በሁለተኛው ነገር ጠያቂ ተገኘ፤ 12 ነፍስ ዳነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በእኛ ሕግ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚያገለግለው በተለይ ያለ ፍርድ ለታሰረ ሰው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት ካልቀረበ ነፃነቱን ፍርድ ቤት እንዲያስከብርለት የመጠየቅ መብቱ የማይነካ መሆኑን ጽፏል። በፍርድ ቤት ለተፈረደበት ሰው ግን አሜሪካኖች በሀቤያስ ኮርፐስ የሚያደርጉትን የሚመስል ሥራ በእኛ አገር የሚሠራው ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ሰበር በሀገራችን የጀመረው በ1980 ዓ.ም. በወጣው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ አዋጅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 80 ክልሎች በክልል ጉዳይ የበላይ ዳኞች እንዲሆኑ ካደረገ በኋላ፣ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን ማንኛውንም የመጨረሻ ፍርድ በሰበር እንዲያይ ሥልጣን ሰጠው። «ማንኛውንም» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በክልል ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ወደ ፌዴራል ዳኛ የሚያልፍበት በር ያ ቃል ነው።

ሰበር ምስክሮችን እንደ ገና ጠርቶ አይሰማም፤ ማስረጃውንም እንደ አዲስ አይመዝንም። የሚመረምረው ሕጉ በትክክል መሠራቱን ነው። ይህ ለነፍስ ግድያ ነገር ቀላል እንዳልሆነ በምሳሌ እናሳይ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግ ሰው የገደለ ሰው ድርጊቱ በአንቀጽ 539 የተመደበ እንደ ሆነ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው፤ በአንቀጽ 540 የተመደበ እንደ ሆነ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሟቹ ያው ነው፤ ገዳዩም ያው ነው፤ ምስክሮቹም ያው ናቸው። በሞትና በአምስት ዓመት እስራት መካከል ያለው ርቀት ግን አሳቡ ምን ነበር፣ አገዳደሉስ ጨካኝነትንና አደገኝነትን ያሳያልን በሚለው የሕግ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ቢያንስ አምስት ዳኞች ተቀምጠው የሚሰጡት የሰበር የሕግ ትርጕም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ተደርጓል። ስለዚህ አንድ እስረኛ ባቀረበው አቤቱታ የተስተካከለው ሕግ ስሙን ሰምተው ለማያውቁት ለሌሎች ሰዎችም ይደርሳል።

ነገር ግን ርቀቱ አሁንም ርቀት ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ የቡኢ ሰው የነፍስ ግድያ ነገር ሲገጥመው ወደ ወልቂጤ፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደሚገኝበት ይሄድ ነበር፤ የክልሉ መቀመጫ ደግሞ ሐዋሳ ነበረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ መንገዱ አጥሯል። የሰበር በር ደግሞ በሕግ ጠበብ ብሏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 በክልል ጉዳይ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ የሕግ ስሕተት ያለበት ከመሆኑ በላይ ለሀገር የሚበጅ የሕዝብ ጥቅም ያለበት እንዲሆን ይጠይቃል። አሜሪካኖችም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ በራቸውን አጥብበዋል፤ አመልካቹን በአንድ ዓመት ጊዜ ወስነውታል። ምክንያቱን አንክድም። አቤቱታ ማለቂያ ከሌለው ፍርድ ፍርድ መሆኑ ይቀራል፤ ዳኞችም በወረቀት ክምር ውስጥ ይሰጥማሉ። በር ሲጠብ ግን በመጀመሪያ በውጭ የሚቀረው ጠበቃ መግዛት ያልቻለው ሰው መሆኑን ሕግ አውጪዎችም የሕግ ተማሪዎችም ሊዘነጉት አይገባም።

በመጨረሻ ለባለ ደሙ መልስ መስጠት ይገባናል። «ደማችን ውኃ ሊሆን ነውን?» የሚለው ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ወንድሙን የቀበረ ሰው ስለ ሥነ ሥርዓት ቢነገረው ልቡ አይቀበለውም። ነገር ግን ቁጣው በበረደ ጊዜ ይህን እንዲያስብ እንለምነዋለን። ወፏ በነገረችው ስም አንድ ንጹሕ ሰው ከተሰቀለ፣ እውነተኛው ገዳይ በገበያ መካከል ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል ማለት ነው። ያን ጊዜ የወንድሙ ደም በእርግጥ ውኃ ሆነ። በስሕተት የተሰቀለውም ሰው ወንድም አለው፤ እርሱም ባለ ደም ይሆናል። አንድ የነበረው ደም ሁለት ይሆናል፤ በሁለቱ ቤቶች መካከልም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ይተከላል። የክስታኔ ሽማግሌዎች በጎርደና የሚደክሙት፣ ነገሥታቱም ከገበሬ ፊት ለልመና የቆሙት ይህን ፈርተው ነው። በሁለተኛ ዳኛ የታየና የጸና ፍርድ ግን የተፈረደበትም ወገን ሊያማው አይችልም፤ የሟችም ወገን አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላሉ። ለጭብጦ ይህን ያህል የተንገበገበ ሕዝብ ለሰው ነፍስ እንዴት አይንገበገብ? ነገ ጧት ወደ ሥራችን ስንሄድ በቡኢ መናኸሪያ ያቺን እናት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀቷን ይዛ ብናገኛት፣ ፍርድን ለማፍረስ የምትሄድ ሴት አድርገን አንያት። የምትሄደው ፍርዱ ፍርድ መሆኑ ይረጋገጥ ዘንድ ነው። በጽሕፈት ቤት የምንቀመጥ ሰዎች የምትፈልገውን ግልባጭ ዛሬ ሰጥተን ብንሸኛት፣ ከቀጠሮ ቀንዋ እንዳታልፍ ብናስታውሳት፣ ከሕጉ ሥራ የእኛን ድርሻ ፈጸምን ማለት ነው።